ለእናቴ ነው

ልደታ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ መድኃኒት መደብር የከፈትኩት ባቡሩ ሥራ በጀመረበት በ2008 ዓ.ም. ነው። ፋርማሲ ሳይሆን መደብር። ልዩነቱ የሚገባው ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትና እኔ ብቻ ነን፤ ሰፈሩ ግን ነጭ ጋውን የለበሰውን ሁሉ «ዶክተር» ስለሚል ዶክተር ሆኜ ቀረሁ። መጀመሪያ ሰሞን «ኧረ እኔ ድራጊስት ነኝ» እያልኩ ለማረም ሞክሬ ነበር። ሦስት ወር አልገፋሁበትም።

ጠዋት ጠዋት ደንበኛዬ ባለጉዳይ ነው። የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ችሎት ቅርባችን ስለሆነ ቀጠሮ ያለው ሰው የግፊት ክኒኑን ቤቱ ረስቶ ይመጣል፤ ጠበቃውም ለራስ ምታቱ ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል ይዞ ይሮጣል። ማታ ተራው የብሎኮቹ ነው። የሕፃን ሳል ሽሮፕ፣ የጨጓራ ክኒን፣ የወሊድ መከላከያ። ኮንዶም የሚፈልግ ጎረምሳ መጀመሪያ ማስቲካ ነው የሚጠይቀኝ፤ ማስቲካ እንደማልሸጥ አሳምሮ ያውቃል።

ሲሪንጅ የሚገዛኝም ብዙ ነው። መርፌ ታዞለት ሊወጋ የሚሄድ፣ ኢንሱሊኗን ራሷ የምትወጋ አሮጊት፣ ለሕፃን መድኃኒት መለኪያ የሚፈልግ አባት። ለሲሪንጅ ማዘዣ የጠየቅኩት በዕድሜዬ አንድ ሰው ብቻ ነው። የምጽፈውም ስለ እሱ ነው።

ልጁ ከመደብሬ ትይዩ ባለው ብሎክ 4ኛ ፎቅ ላይ ከእናቱ ጋር ይኖራል። እናቱ ለካፌዎቹ እንጀራ ያቀርባሉ፤ ከፈረሰው ከድሮው ልደታ ጀምሮ የሰፈሩ ሰው ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ልጁን ስተዋወቀው 23 ዓመቱ ነበር፤ ቀጭን፣ ሳቂታ፣ ዲሽ የሚገጥም። ጣራ ላይ ወጥቶ ዲሽ ሲያዞር እናቶች ከታች አንጋጠው «ቀስ በል ልጄ!» የሚሉለት ዓይነት ልጅ። በ2009 ከጓደኛው ኋላ ሞተር ላይ ተፈናጦ ሲሄድ ሚኒባስ ገጫቸውና ጭኑ ተሰበረ። ተኝቶ በታከመበት ጊዜ ሕመሙን ለማስታገስ ፔቲዲን ይወጋ ነበር። ፔቲዲን የሞርፊን ወገን ነው፤ በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚወጣ፣ እንደኔ ያለው መደብር ደጃፍ የማይደርስ። አጥንቱ ገጠመ፤ መርፌውን ግን መተው አልቻለም። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ከየት ያገኘው እንደነበር ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። ቆይቶ ደግሞ ከውጭ አገር የተመለሰ አንድ ጎረምሳ እሱንና ጓደኞቹን ሄሮይን አስለመዳቸው። የሰፈሩ ወሬ ሁሉ ስለ ጫትና ስለ ሺሻ በነበረበት ጊዜ ነው። ክንዱን የሚወጋ ልጅ በመካከላችን አለ ብሎ የጠረጠረ አልነበረም።

መጀመሪያ የመጣ ቀን እንዲህ ነበር ያለኝ፦

«የኢንሱሊን ሲሪንጅ አለ? አንድ ሚሊዋ። አምስት ፍሬ።»

«ለማን ነው?»

«ለእናቴ ነው። ስኳር አለባት።»

ሸጥኩለት። በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፤ በሁለተኛው ሳምንትም እንደዚያው። አንድ ቀን እናቱ ግፊታቸውን ሊለኩ ብቅ አሉና ደግ ጎረቤት ለመሆን ብዬ «ስኳሩስ እንዴት ነው እትዬ? ኢንሱሊኑን በሰዓቱ ይወጋሉ?» አልኳቸው። ክንዳቸውን ከመለኪያው ጨርቅ መንጭቀው አማተቡ። «የምን ስኳር! ስኳር ጠላቴን ይያዘው! ማን ነው ይሄን ያሟረተብኝ?» ከሌላ ሰው ጋር ተምታቶብኝ ነው ብዬ ይቅርታ ጠየቅኩ። ግፊታቸው 160 በ100 ነበር። ከዚያ ላይ አሥሩን የጨመርኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ሐምሌ 2010 ላይ ሕፃናት ኳስ ከሚጫወቱበት ሜዳ ዳር መርፌ ተገኘ። ያገኘው የ6 ዓመት ልጅ ነው፤ ይዞት ወደ እናቱ እየሮጠ መጣ። አልተወጋም፤ ግን ማን ይረጋጋል! የብሎኩ ኮሚቴ በማግስቱ እሑድ ስብሰባ ጠራ። የጋራ መገልገያው ቤት ውስጥ፣ ለበዓል በሬ በምናርድበት ቦታ፣ ወንበር ተደርድሮ ሁለት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ፖሊስ ይጠራ ያለ አለ፣ ጥበቃ ይቀጠር ያለ አለ። እኔም ተነሥቼ ተናገርኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ከእኔ መደብር አንድም ሲሪንጅ ለእነሱ አይወጣም» አልኩ። ተጨበጨበልኝ። የሰፈር ጭብጨባ ደግሞ ይጣፍጣል።

በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት፣ 2 ሰዓት ግድም፣ ዝናቡ ደረጃውን እንደ ወንዝ እያወረደው ልጁ መጣ። ሁለት ጓደኞቹ ከደረጃው ሥር ተጠልለው ይጠብቁታል። መደብሬ ውስጥ ሦስት ሰው ተሰልፎ ነበር።

«ማዘዣ አምጣ» አልኩት።

«ዶክተር፣ አንድ ብቻ። በእናትህ፣ አንዷን ብቻ ሽጥልኝ።»

«እዚህ ቤት ለእናንተ የሚሸጥ ነገር የለም» አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሰልፈኞቹ እንዲሰሙኝ። አንዲት ሴትዮ ከኋላ «ጎሽ፣ እንዲህ ነው!» አለች። ልጁ ከጋውኔ ኪስ ላይ ያለውን እስክሪብቶ ትንሽ አየት አደረገና ወጣ። ለምን እስክሪብቶውን እንዳየ እስከ ዛሬ አላውቅም።

የዚያን ሌሊት የሆነውን ከሁለት ዓመት ተኩል በኋላ ነው የነገረኝ። አንደኛው ጓደኛው ጃኬት ኪስ ውስጥ አንድ የ5 ሚሊ ሲሪንጅ ነበረች፤ መርፌዋ የምትነቀለው ዓይነት፣ ቀድሞ ተወግቶባታል። ሦስቱም በእሷ ተወጉ። በየመሐሉ ከሃይላንድ ጠርሙስ ውኃ እየሳቡ አጥበዋታል፤ ሁለት ሁለት ጊዜ። ንጹሕ የሆነች መስሏቸው ነበር።

እኔ በሙያዬ ማወቅ ሲገባኝ ያላወቅኩትን በኋላ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2010 የየል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ የሄፓታይተስ ሲ ቫይረስ መርፌው በሚነቀል ሲሪንጅ ውስጥ ተርፋ በቀረች የደም ጠብታ እስከ 63 ቀን ድረስ ሕይወቱን ይዞ ተገኝቷል። የኢንሱሊኗ ሲሪንጅ መርፌዋ ከገላዋ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ውስጧ የሚቀረው ደም ኢምንት ነው፤ ቫይረሱም የመቆየት ዕድሉ በጣም ያነሰ ነው። ለመሸጥ እንቢ ያልኳት ያቺኑ ናት። መደርደሪያዬ ላይ የዚያን ምሽት አንድ ካርቶን ሙሉ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ልጁ መደብሬን አልረገጠም። በመንገድ ስንተላለፍ ሰላም አይለኝም፤ እኔም በልቤ «እሰይ፣ ሌላ ቦታ ሄደ» እላለሁ። ኮሮና መጣ፤ ማስክና አልኮል ስሸጥ ሌላው ሁሉ ተረሳ።

በጥር 2013 እትዬ ለማዮማ ቀዶ ሕክምና ገቡ። ዘመድ ደም ይስጥ ተባለ። ልጁ ማንም ሳይቀድመው ሄዶ ክንዱን ዘረጋ። ደም ከመስጠቱ በፊት የሚሞላ ቅጽ አለ፤ በመርፌ አደንዛዥ ዕፅ ወስደህ ታውቃለህ ወይ የሚል ጥያቄ ይገኝበታል። አላውቅም ብሎ ሞላ። በአገራችን የሚለገስ ደም ሁሉ ለሰው ከመሰጠቱ በፊት ለኤች አይ ቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢ፣ ለሄፓታይተስ ሲና ለቂጥኝ ይመረመራል። የእሱ ደም እዚያው ተጣለ፤ እትዬ የሌላ ሰው ደም ተሰጥቷቸው በሰላም ወጡ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልኩ ጠራና «ውጤት ስላለህ ና» ተባለ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ መጣ። ከምሳ በፊት ነው፤ መደብሩ ባዶ ነበር። ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶ ወረቀቱን ካውንተሩ ላይ ዘረጋው። ለሄፓታይተስ ሲ የተደረገው ምርመራ ሪአክቲቭ ይላል።

«ኤች አይ ቪ መስሎኝ መንገዱን ሙሉ ስጸልይ ነው የሄድኩት» አለኝ። «ይሄ ይሻላል ወይስ ይብሳል?»

ለምን ወደኔ እንደመጣ ጠየቅኩት። ትከሻውን ሰበቀ። «ሌላ የማውቀው ዶክተር የለኝም።» ትንሽ ዝም ብሎ ደግሞ «ደም የሰጠሁት ለእናቴ ነው፤ ይሄኛው ውሸት አይደለም» አለ። ለካ ያኔ ከእናቱ ጋር የተነጋገርነው ጆሮው ደርሷል።

ያን ቀን የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት። ብዙ አልነበረም። ያ ወረቀት የሚለው ሰውነትህ ከቫይረሱ ጋር ተገናኝቶ ያውቃል ነው፤ አሁን በደምህ ውስጥ አለ ማለት ላይሆን ይችላል። ከ100 ሰው ከ15 እስከ 45 የሚሆነው ያለ ምንም መድኃኒት በስድስት ወር ውስጥ በራሱ ያጠፋዋል። የቀረው ላይ ግን ይከርማል፤ ሳያም ሳያሳክክ 20 ዓመት ጉበት ላይ ይቀመጥና በመጨረሻ ጉበቱን ወደ ጠባሳ ሊለውጠው ይችላል፣ ሲብስም ወደ ካንሰር። ለሄፓታይተስ ቢ ክትባት አለ፤ ለሲ የለም። ስለዚህ የቫይራል ሎድ ምርመራ ያስፈልግሃል አልኩት። እትዬ ሲሰሙ «የወፍ በሽታ ነው እንዴ? ዓይኑ እኮ ቢጫ አይደለም» አሉ። ባህላዊ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው መፈለግ ሁሉ ጀምረው ነበር። ጉበት የሚጎዳ ቅጠል እንዳያጠጡት ለምኜ አስጣልኳቸው፤ ጠበሉን ግን አልተቃወምኩም።

ምርመራው ወጪ ነበረው፤ በግል ላቦራቶሪ አስደረግነው። ቫይረሱ አለ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር። ዓይነቱ 4 ነው፤ በአገራችን በብዛት የሚገኘው እሱ ነው። ጉበቱ ግን ገና ጠባሳ አልያዘም።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ሃርቪ ኦልተር፣ ማይክል ሆውተንና ቻርልስ ራይስ ይህን ቫይረስ በማግኘታቸው የኖቤል ሽልማት ማግኘታቸውን በሬዲዮ ሰምቼ «እንዴት ያለ ዕድል ነው» ብዬ ነበር። እስከ 1989 እ.ኤ.አ. ድረስ ስም እንኳ አልነበረውም፤ «ኤም ቢም ያልሆነ» እየተባለ ነበር የሚጠራው። ስም ከወጣለትም በኋላ ሕክምናው ለብዙ ዓመት ኢንተርፌሮን ነበር፤ አንድ ዓመት የሚጠጋ መርፌ፣ ትኩሳት፣ ድብርት፣ ግማሹም ሰው የማይድንበት። አሁን ግን በቀን አንድ ክኒን ነው፤ ለ12 ሳምንት፤ ከ100 ሰው ከ95 በላይ ይድናል። እንግዲህ አልኩ፣ ሄደን እንቀበላለን።

የሄድንበትን ሆስፒታል ስም አልጠራም። ሐኪሙም ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን በጥንቃቄ አነበበ፣ ሆዱን ዳሰሰው። ከዚያ የሸሚዙን እጅጌ ሰበሰበለት። ክንዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ።

«አሁንም ትወጋለህ?»

ልጁ እኔን አየኝ። እኔ ወለሉን አየሁ።

«አልፎ አልፎ» አለ።

«እንግዲህ መጀመሪያ እሱን ተው። ዛሬ ብሰጥህ ነገ መልሰህ ትያዛለህ፤ መድኃኒቱ ይባክናል። ስድስት ወር ንጹሕ ሆነህ ና፣ ያኔ እንነጋገራለን።»

የሐኪሙ ቃል እኔ በዚያ ዝናባማ ምሽት የተናገርኩት ነው፤ እሱ በትሕትና ስለተናገረው ብቻ የተሻለ ይመስላል። ተመልሰን በታክሲ ስንመጣ ልጁ ሜክሲኮ ላይ «እዚህ ወራጅ» ብሎ ወረደ። ሳምንት አላየሁትም።

ያን ሳምንት ማታ ማታ ስልኬ ላይ ተጥጄ አነበብኩ። እንግሊዝኛዬ የመድኃኒት ወረቀት እንግሊዝኛ ነው፤ ቢሆንም ለዚህ በቂ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ ቫይረሱ የከረመበት ሰው ሁሉ ይታከም ብሏል፤ በመርፌ ዕፅ የሚወስደውን አላገለለም። አውስትራሊያ ከማርች 2016 ጀምራ መድኃኒቱን የሚወጋም የማይወጋም ብላ ሳትለይ ትሰጣለች። ከሁሉ የገረመኝ በ2018 የታተመ ጥናት ነው። በሰባት አገሮች፣ ባለፉት ስድስት ወራት ውስጥ የተወጉ 103 ሰዎች ሶፎስቡቪርና ቬልፓታስቪር ተሰጣቸው። ከመቶ 94ቱ ዳኑ። «ሱሰኛ ክኒኑን በትክክል አይውጥም» የሚለው አባባል፣ እኔም ሳልጠይቅ የማምንበት፣ በ103 ሰው ተመዝኖ ቀሎ ተገኘ።

የግብፅን ታሪክም ያነበብኩት ያኔ ነው። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ መንግሥት የቢልሃርዚያን በሽታ ለማጥፋት ገበሬውን ሁሉ በመርፌ ሲያክም መርፌዎቹ በሚገባ ሳይቀቀሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ዞሩና ሄፓታይተስ ሲ አገር ምድሩን ሞላው። ግብፅ በኦክቶበር 2018 ዘመቻ ጀምራ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ሕዝቧን መርምራ አከመች። ከእነዚያ ገበሬዎች አንዱንም «መርፌው ከየት አገኘህ?» ያለው የለም። በንጹሕ መርፌ እጦት የተያዘ ሰው፣ ሐኪም ወጋውም ራሱን ወጋ፣ ቫይረሱ ያው ነው። ይህን የምለው ቅር የሚለው ሰው እንዳለ አውቄ ነው።

የ103ቱን ሰዎች ጥናት ፍርድ ቤቱ አካባቢ ካለ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳተምኩት። ጸሐፊዋ የአንድ ሰው የክስ መልስ ጀምራ ነበርና አስጠበቀችኝ። አጠገቤ የቆመ ጠበቃ ወረቀቴን አየት አድርጎ «የአደንዛዥ ዕፅ ጉዳይ ነው? አንቀጽ 525?» አለኝ። የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ማለቱ ነው። «አይ፣ የጉበት ጉዳይ ነው» አልኩት። ልጁ ግን ያንን አንቀጽ ከእኔ በፊት ያውቀው ነበር። ለእሱና ለመሰሎቹ ሐኪም ፊት «እወጋለሁ» ማለት ራስን መክሰስ ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ይዋሻሉ፤ ሲዋሹ ደግሞ «እነዚህ ውሸታሞች» እንላቸዋለን።

ሌላ ሆስፒታል ሄድን። ወጣት ሐኪም ናት። ወረቀቱን ሰጠኋት፤ ፈገግ ብላ «አንብቤዋለሁ» አለችኝ። ጥያቄዋ አንድ ብቻ ነበር፤ «ክኒኑን በየቀኑ ሲውጥ የሚያየው ሰው አለ?»

«እኔ አለሁ» አልኩ፤ ሳላስበው።

መድኃኒቱን ገዛን። ሶፎስቡቪር በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ ሲፈቀድ የአንዷ ክኒን ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር፤ የ84ቱ ቀን 84,000 ዶላር። በዓመቱ አምራቹ ጊልያድ ለሕንድ ፋብሪካዎች ፈቃድ ሰጥቶ 91 አገሮች በርካሽ እንዲያገኙት ተስማማ፤ የእኛም አገር አለችበት። ርካሽ ማለት ግን ለማን? እትዬ የእቁባቸውን ዳኛ ለምነው ዕጣቸውን አስቀደሙ። ገንዘቡን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው ካውንተሬ ላይ ፈቱት። ስለ መርፌው ነገር አንድም ቀን አልጠየቁኝም። አያውቁም ብዬ ግን አላምንም፤ የልጃቸውን ሸሚዝ የሚያጥቡት እሳቸው ናቸው።

የመጀመሪያዋን ክኒን የዋጠው ግንቦት 1 ቀን ነው። የልደታ ዕለት ደግሞ እኛ ሰፈር እንዴት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቃል። ሴቶቹ ብሎኩ ፊት ለፊት ጉልቻ ጎልተው ንፍሮ ይቀቅላሉ፤ ቡናው፣ ጭሱ፣ ምርቃቱ። እትዬ በሳሕን ንፍሮ ይዘው መጡ። ልጁ ሮዝ ክኒኗን መዳፉ ላይ አድርጎ ገለባበጣት። «ይቺ ናት ሺ ዶላር?» አለ። «የእኛዋ ትንሽ ቀንሳለች» አልኩት። በንፍሮ አወራረዳት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ማታ 1 ሰዓት ላይ ይመጣል። ሦስቱ ብልቃጥ፣ በእያንዳንዱ 28 ክኒን፣ እኔ ጋ ተቆልፎበት ይቀመጣል። እየዋጠ ሳየው አምስት የኢንሱሊን ሲሪንጅ በወረቀት ጠቅልዬ ከካውንተሩ በታች አቀብለዋለሁ። ማዘዣ አልጠየቅኩም። ይህ ቫይረስ አንዴ ድኖ የወጣን ሰው አይምርም፤ በሽታው መከላከያ ትቶ አይሄድምና በሌላ ሰው መርፌ እንደገና ይይዘዋል። ለተጠቀመባቸው ደግሞ ጤና ጣቢያ የሚጠቀሙበትን ዓይነት ሴፍቲ ቦክስ ከመደብሩ በስተኋላ አኖርኩ፤ ቆጥሮ ይመልስልኛል። ይህ ብልሃት ያን እሑድ በስብሰባው ለማናችንም አልመጣልንም ነበር። አንዲት ካርቶን!

ሁለት ቀን ዘሎበታል። አንደኛዋን ያስዘለልኩት እኔ ነኝ። ሰኔ 14፣ የምርጫው ዕለት፣ ልመርጥ ተሰልፌ እስከ ምሽት ቆሜ መደብሬን ሳልከፍት ቀረሁ፤ እሱ በዝናብ መጥቶ ደጁ ላይ ጠብቆ ተመልሷል። ሁለተኛዋን እሱ ነው፤ አንድ ሌሊት የት እንዳደረ ሳይነግረኝ በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ መጣ። አንድ ጊዜም ከሌላ መደብር ኦሜፕራዞል ገዝቶ ሲወስድ ደረስኩበትና ጮህኩበት፤ የጨጓራ አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት ቬልፓታስቪር ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጋል። «አንተ ስትቆጣ ልክ እንደ እናቴ ነህ» አለኝ።

ከኮሚቴው አንዱ ሲሪንጅ እንደምሰጥ ደረሰበት። «ዶክተር፣ ጉባኤ ላይ ቆመህ የተናገርከው ምን ነበር?» አለኝ፤ ልክ ነው፣ ተናግሬያለሁ። «ልጆቻችንን ልታስጨርስ ነው?» ከካውንተሩ ጀርባ ወስጄ ሴፍቲ ቦክሱን አሳየሁት። አንሥቶ አንቀጫቀጨው። ምንም ሳይል ወጣ፤ ስብሰባ ግን አልጠራብኝም። የግፊት መድኃኒቱን አሁንም ከእኔ ነው የሚገዛው።

ሐምሌ 21 የዓለም የሄፓታይተስ ቀን ነው፤ የሄፓታይተስ ቢን ቫይረስ ያገኘው የባሩክ ብሉምበርግ ልደት። በዚያ ቀን ብልቃጡ ውስጥ አምስት ክኒን ቀርቶ ነበር። ሐምሌ 26 አለቀ። ከዚያ 12 ሳምንት መጠበቅ ግድ ነው፤ ያኔ ተመርምሮ ካልተገኘ ነው ዳነ የሚባለው። በጥቅምት 2014 አጋማሽ ውጤቱን ይዞ መጣ። ሳይከፍተው ነው ያመጣው። እኔ አነበብኩለት፤ «አልተገኘም» ይላል። ወረቀቱን ነጥቆኝ ራሱ አነበበው፣ ገልብጦ ጀርባውንም አየ።

«ድኛለሁ ማለት ነው?»

«ከቫይረሱ።»

ሳቀ። ሁለታችንም የቀረው ምን እንደሆነ እናውቃለን። ታንዛኒያ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል ውስጥ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ኬንያ ማታሪ ደግሞ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሜታዶን የሚባል በአፍ የሚወሰድ ምትክ መድኃኒት ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ይሰጣሉ። ለልጁ እኔ በየደረስኩበት ጠይቄ አላገኘሁለትም። አንዳንዴ ሦስት ወር፣ አራት ወር ሳይወጋ ይቆያል፤ ዲሽ ይገጥማል፣ እናቱን ያግዛል። ከዚያ ማታ 1 ሰዓት ላይ ደረጃው ሥር ሲመላለስ አየዋለሁ። ገብቶ እስኪጠይቀኝ አልጠብቅም፤ አምስቷን ጠቅልዬ አወጣለታለሁ። በየዓመቱ ይመረመራል። እስካሁን ንጹሕ ነው።

ከእነዚያ ከሁለቱ ጓደኞቹ አንደኛው ከአገር ወጥቷል፤ ወሬው የለም። ሌላኛው ባለፈው ወር መጣ። ራሱን ወደ መደብሩ አስግጎ ግራ ቀኝ አየና «የኢንሱሊን ሲሪንጅ አለ?» አለ፤ ቀጠለናም «ለእናቴ ነው» አለኝ። እናቱ ከሞቱ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ቀብራቸው ላይ ነበርኩ። «ስንት ልስጥህ?» አልኩት። በሦስተኛው ቀን ሲመለስ ስለ ጉበት አወራነው። ፖሊስ እንዳይጠራበት መጀመሪያ አስማለኝ። ተመረመረ፤ አለበት፤ ከዚያች ሌሊት ጀምሮ ሳይሆን አይቀርም።

ከሐኪሟ ጋር ቀጠሮው የፊታችን ማክሰኞ ጠዋት ነው። መደብሩን እስከ 6 ሰዓት ዘግቼ አብሬው እሄዳለሁ፤ ችሎት ያላችሁ ሰዎች የግፊት ክኒናችሁን ሰኞ ማታ ውሰዱ።